ሸክላ ማጫወቻ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን

ሸክላ ማጫወቻ ሌሎች የተጫወቱትን መልሶ ከማሰማት በቀር የራሱ ሙያ የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ክራር ደርዳሪ ክሩን በጣቱ ይነካል፤ ሸክላ የሚያስጮህስ ምን ይነካል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሰጡት ግን በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል ያደጉ ወጣቶች ናቸው። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 11 ቀን 1973 ከጃማይካ የመጣው ክላይቭ ካምቤል፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ እኅቱ ባሰናዳችው ድግስ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ጨፋሪዎች የሚጠብቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ክፍል እንደ ሆነ ኸርክ አስተዋለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ያን ክፍል ማስረዘም ያዘ። ነገር ግን መርፌውን የሚያሳርፈው በግምት በመሆኑ ምቱ ይዛነፍ ነበር።

ይህን ያቃናው በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የተማረው ጆሴፍ ሳድለር፣ ማለት ግራንድማስተር ፍላሽ ነው። ሸክላው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ ዙሩን ይቆጥር ጀመር። ነገሩ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚስማማ ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሴኮንድ ይፈጽማል። የከበሮው ክፍል 9 ሴኮንድ ቢሆን 5 ዙር ነው፤ አንደኛው ሸክላ ሲሰማ ሁለተኛው 5 ዙር ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠብቃል። ሁለተኛውን አስቀድሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማበትን ማብሪያም ራሱ ሠራ። (ተማሪው ያወቀውን እንዲህ ሥራ ላይ ሲያውለው ማየት መምህርን ያስደስታል።)

ሸክላን በእጅ ወዲያና ወዲህ የመፈተጉ ዘዴ የተገኘው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ አግኚው ገና ልጅ የነበረው ቴዎዶር ሊቪንግስተን ነው። እሱ እንደሚተርከው እናቱ ሙዚቃው በዛ ብላ ስትመጣበት ሸክላውን በእጁ ገታ፤ የወጣው ድምፅም ማረከው። በቦዩ ላይ ያለው ሞገድ መርፌውን ያንቀጠቅጣል፤ እጅ ሸክላውን ሲያፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያዘገይ ይወፍራል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ሌላው እጅ ደግሞ ድምፁን ይቆርጣል፣ ይለቃል። እንግዲህ የሚነካው ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ ሞተሩ ያለ ቀበቶ ሳሕኑን በቀጥታ የሚያዞረው፣ በ1972 የወጣው የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ተመራጭ ሆነ። ቦስተን ያለው የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ሳይቀር ጥበቡን አስተምሯል።

ቅር የሚለን አንድ ነገር አለ። በሸክላው ላይ ያለውን ከበሮ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ ተረስቷል። በ1970 በወጣው “ፈንኪ ድራመር” ላይ የመታው ክላይድ ስተብልፊልድ ምቱ በዓለም ዙሪያ ሲደጋገም ኖሮ፣ በ2017 ሲሞት ከዚያ ያገኘው ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።