የራምቦ ሙዝ

ጠጋ በሉማ። ይሄን ጮክ ብዬ አልናገረውም፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ግድግዳውም ጆሮ አለው።

«ራምቦ ቤት» የገባ እንግዳ ሁሉ አንጋጦ ባለቀለሙን መስታወት ያያል። ገጣሚው ራምቦ እዚህ አድሮ እዚህ የነቃ ይመስለዋል። ኧረ አቦ! አልኖረበትም። ቤቱን ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። ይሄ ግን ትንሹ ምስጢር ነው፤ ግማሽ ሐረር ያውቀዋል።

ትልቁ ሙዙ ጋ ነው።

በፈረንጆቹ 1883 ግንቦት መጀመሪያ ላይ አርተር ራምቦ ከሐረር ለቤተሰቦቹ የራሱን ፎቶዎች ላከ። አንዱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ እጁን አጣምሮ ሙዝ መሃል። አገሩ ፖስትካርድ ሳያውቅ ሰውየው ፖስትካርዱን ሠርቶ ጨረሰ! እናቱ ሮሽ በምትባል የፈረንሳይ መንደር እርሻ ያላት ሴት ናት። ስንዴ ምን ይደንቃታል? የሙዝ ቅጠል ግን ሌላ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚቆምበትን ቦታ በደንብ አስቦበታል።

ፎቶዎቹ ነጣ ብለዋል አይደል? ጉም እንዳይመስላችሁ። ውሃው ነው! የማጥብበት ውሃ መጥፎ ሆኖ ሁሉም ነጣብኝ ብሎ ራሱ ጽፎላቸዋል። በሐረር ውሃ ማማረር ያኔም ነበር ማለት ነው። በክረምቱ ጭራሽ ካሜራውን አስቀመጠው፤ ለአለቃው ለባርዴ ዝናቡ ሥራውን እንዳስተወው ነገረው።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። የራምቦ እንጀራ ሙዝ አልነበረም፤ ቡናና ቆዳ ነበር። ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ እኔ የምሳሳው ለዳቡላ ሠሪው ነው። ዳቡላ ቡና ተሞልቶ የሚጫንበት የቆዳ ከረጢት ነው። የሙዙን ፎቶ ዓለም ያውቀዋል፤ ዳቡላ ሠሪውን ግን ቆም ብሎ የሚያየው የለም። ያናድደኛል! ያ ሁሉ የሐረር ቡና ባሕር የደረሰው በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው።

የዛሬውን የሐረር ተክል፣ ጫትን፣ ማየት ካማራችሁ ኤረር በር ውረዱ። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በፈረንጆቹ 1855 የገባው በዚህ በር ነው፤ ይሄን አስጎብኚው ሁሉ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ፦ ጫት ሻጮቹ ላይ ካሜራ እንዳትደግኑ። ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በሻሻቸው ይሸፈናሉ፣ ይቆጣሉም። እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ሰላም በሉ። ዋጋ ጠይቁ፤ ተከራከሩ። ከዚያ «እናቴ፣ ላንሳሽ?» በሉ። እሺ ካለች የተሻለውን ዙርባ መርጣ ራሷ ትይዝላችኋለች።