እጁ የደከመ ልጅ እንዴት ይለማመዳል?

ልጅ እጁ ተጨብጦ ወይም ዝሎ ሲያድግ ነገሩን ከእርግማን የሚቆጥር ሰው አለ። ነገር ግን ይህ የአንጎል ሽባነት የሚባል ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ፥ ሲወለድ ወይም ከተወለደ ጥቂት ጊዜ በኋላ አንጎሉ ሲጎዳ ይመጣል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል በ1862 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከአስቸጋሪ ምጥ ጋር አያይዞ ጽፎታል።

የአንጎሉ ጉዳት ባይሽርም እጅ በሥራ ይበረታል። ሥራ የተነፈገ እጅ ግን ጡንቻው እያጠረ መገጣጠሚያውም እየደረቀ ይሄዳል።

ለልምምዱ የሚሆነው ዕቃ በእንጅባራና በዳንግላ መንደሮች አይጠፋም። ልጁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጭቃ ያብካ፤ ገብስ እየለቀመ ወደ ቅል ይጨምር፤ ድንች ያንሣ፥ ያስቀምጥ፤ የቀርከሃ ዘንግ በሁለት እጁ ይያዝ። የደከመው አንዱ እጅ ብቻ ከሆነ፥ ብርቱው በጨዋታ መልክ ለጥቂት ጊዜ ይረፍና ደካማው ይሥራ፤ ማሰር ግን አይገባም። የተጨበጠውን እጅ በኃይል መዘርጋት ይጎዳል፤ ቀስ ተብሎ ይፈታ። ሕመም ቢኖር ልምምዱ ቆሞ ልጁ በጤና ጣቢያ ይታይ።

መምህሩ ልጁን ከጓደኞቹ ጋር ያስቀምጠው፤ ለመጻፍም ጊዜ ይጨምርለት። ሽማግሌዎችም ወላጆች ልጁን በቤት እንዳይሸሽጉት ይምከሩ፤ የእጅ ድካም የአእምሮ ድካም አይደለምና።