ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ‹‹ደላላው›› ይፈተሽ

የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቅ ላኪ የሚያጣው ጊዜ ብቻ አይደለም፡፡ በዚያ ገበያ አንድ የአረቢካ ቡና ውል 37,500 ፓውንድ በመሆኑ የአንድ ሳንቲም ለውጥ በእያንዳንዱ ውል ላይ የ375 ዶላር ልዩነት ያመጣል፡፡ የቆየ ዋጋ ይዞ የተስማማ ነጋዴ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል፡፡

ኢንተርኔት ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በቴሌ ላይ ነው፡፡ ቀጥሎ የሚታሰበውም ከፍ ያለ ፍጥነት መግዛት ነው፡፡ ይሁንና ችግሩ ከቢሮው ሳይወጣ ፕሮክሲ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ፡፡

ፕሮክሲ በሠራተኛው ኮምፒውተርና በውጭው መስመር መካከል የቆመ ደላላ ነው፡፡ ጥያቄ ተቀብሎ ያስተላልፋል፣ መልሱን ያመጣል፣ የተከለከለውን ገጽ ይዘጋል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ስኩዊድ ከታወቁት አንዱ ነው፡፡ ደላላው ከታመመ መስመሩ ቢሰፋም ገበያው አይፈጥንም፡፡

የሕመሙ ምክንያት ብዙ ነው፡፡ የአገልጋዩ ኮምፒውተር ዲስክ በየዕለቱ መዝገብ ይሞላል፤ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የግንኙነት ብዛት ጣሪያ ይነካል፤ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ ይዘገያል፡፡ በአንድ ሠራተኛ ማሽን ላይ ብቻ ሲከሰት ደግሞ ከኮምፒውተሩ የተነሳ የቪፒኤን ፕሮግራም የተወው የፕሮክሲ አድራሻ ሊሆን ይችላል፡፡

መፈተሻው ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ በመጀመሪያ ችግሩ የአንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ የመላው ቢሮ የሚለው ይለይ፡፡ ቀጥሎ በአንዱ ማሽን ላይ ፕሮክሲውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ ያንኑ ገጽ መክፈት ነው፡፡ ቀጥታ መውጫው ከተዘጋ የኔትወርክ ባለሙያው ለዚያ ማሽን ብቻ ይክፈትለት፡፡ ገጹ ወዲያው ከተከፈተ ጥርጣሬው ወደ ፕሮክሲው ያዘነብላል፤ ካልፈጠነ መስመሩ ይመርመር፡፡

አገልጋዩ ጠፍቶ ሲበራ ለጥቂት ሰዓት ፈጥኖ ተመልሶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሕመሙ አልዳነም፤ ዲስኩና የግንኙነት ጣሪያው ይታዩ፡፡ ፕሮክሲውን አጥፍቶ መተው ግን የቢሮውን መከላከያ ማንሳት ሊሆን ስለሚችል ከሙከራው በኋላ ይመለስ፡፡

ለተጨማሪ ፍጥነት ውል ከመፈረም በፊት ይህን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፡፡