መጀመሪያ ፀሐዩን፣ ከዚያ መሣሪያውን

በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ከመርከብ የሚወርድ ኮንቴይነር የሚታወቀው በባርኮድ አይደለም፤ በጎኑና በበሩ ላይ በቀለም በተጻፈ ቁጥር ነው። አራት ፊደል፣ ስድስት አሃዝ፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ በአራት ማዕዘን የተከበበች አንዲት አሃዝ። ይህች የመጨረሻዋ ዘበኛ ናት። ሲኤስኪዩዩ 305438 በሚለው ቁጥር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደልና አሃዝ የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው በየተራ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እየተባለ እጥፍ በእጥፍ በሚያድግ ቁጥር ይባዛል። ድምሩ ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ 3 ተጽፏል። የደከመ ጸሐፊ 38ን 83 ብሎ ቢመዘግብ ቀሪው 10 ይሆናል፣ 10 ደግሞ በ0 ይወከላል፤ 0 እና 3 ስለማይገጥሙ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል። በሩ ተከፍቶ ካርቶን መራገፍ ሲጀምር ግን ይህ ጥበቃ ያበቃል። አንዱ እየጠራ ሌላው በእስክሪብቶ የሚጽፈው የካርቶን ቁጥር ዘበኛ የለውም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ ያልፋል፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ የተሳተች አንዲት አሃዝም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ክርክር ሆና ትጠብቃለች። በእጅ የሚያዘው ባርኮድ ስካነር ቦታው እዚህ ነው። የእኔ ሙግት ግን ብዙ ገዢ ከዋጋ ዝርዝር ስለሚጀምር ይሳሳታል የሚል ነው፦ መጀመር ያለበት ከሚነበበው ወረቀትና ከሚነበብበት ፀሐይ ነው።

ወረቀቱን እንመልከት። በሱቅ ዕቃ ላይ የለመድነው የመስመር ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የማስቲካ ጥቅል ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ የተፈጠረው ኪውአር ኮድ ግን መረጃውን በመስመር ሳይሆን በነጥቦች ይዟል። የሌዘር ስካነር የሚያነበው የመስመሩን ብቻ ነው። ካሜራ ያለው፣ ኢሜጀር የሚባለው ዓይነት ሁለቱንም ያነባል፣ ጥግ የተቀደደውንና የተጨማደደውን ሳይቀር። በመድኃኒት ካርቶኖች ላይ በነጥብ የተሠራው ዳታማትሪክስ እየበዛ ስለመጣ፣ ዛሬ ሌዘር ብቻ የሚገዛ መጋዘን ነገ በግማሹ ጭነት ፊት ዕውር ይሆናል። በቀትር ፀሐይ የሌዘሩ ቀይ ነጥብ ራሱ አይታይም፤ ቆጣሪው ሠራተኛ የት ላይ እንዳነጣጠረ አያውቅም። ወረቀቱም ቢሆን ይፈተናል። በሙቀት ብቻ የሚታተመው ርካሹ መለያ ወረቀት ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል ወይም ይደበዝዛል፤ በሪባን የሚታተመው ይቆያል። ማንበቢያ ለመግዛት ያሰበ ድርጅት ማተሚያውን ካልመረመረ ገንዘቡን ጠፍቶ በሚያድር ጽሑፍ ላይ ያፈስሳል።

ፀሐዩ የባሰ ነው። በጅቡቲ ከተማ በሞቃቶቹ ወራት የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ጨው ያዘለ እርጥበትና ከምድረ በዳ የሚመጣ አቧራም ይጨመርበታል። ብዙዎቹ የሥራ ቦታ ስካነሮች እስከ 50 ዲግሪ እንዲሠሩ ይፈቀዳል፤ ብዙ ሰው የማያነበው መስመር ግን ባትሪያቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዳይደረግ የሚለው ነው። እንግዲህ ቻርጅ ማድረጊያው በቆርቆሮው መጋዘን ጥግ ከተሰካ፣ መሣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ባትሪው ሳይሞላ ያድራል፤ ቦታው አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል መሆን አለበት፣ ባትሪውም ወልቆ የሚቀየር። በአቧራና በውኃ ላይ ያለው ጥንካሬ በአይፒ ቁጥር ይነገራል፤ 65 ቢል 6ቱ አቧራ ጨርሶ አይገባም፣ 5ቱ የሚረጭ ውኃ ይቋቋማል ማለት ነው።

“ስልካችን ይበቃናል” የሚሉ አሉ፣ በከፊልም ልክ ናቸው። በቀን ጥቂት ዕቃ ለሚመዘግብ የቢሮ ሠራተኛ ስልክ ይበቃዋል። ነገር ግን አፕል ራሱ አይፎኑን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተጠቀሙበት ይላል፤ በሞቃቶቹ ወራት ዶራሌ ላይ ያ ሙቀት የማለዳ ሙቀት ነው። ጓንት ባጠለቀ እጅ በመቶ የሚቆጠር ካርቶን የሚያነብ ቆጣሪም መስታወት እየነካ ካሜራው እስኪያጠራ መጠበቅ አይችልም፤ የሚጫን ቃታ ያስፈልገዋል። “ውድ ነው፣ ያገለገለ እንግዛ” የሚለው ክርክር ይበልጥ ከባድ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ችግር ያለበት ሁሉ ይረዳዋል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል፦ በርካሽ የሚሸጡት ያገለገሉ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በአሮጌው የማይክሮሶፍት የእጅ ኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፣ ድጋፉም እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ቀፎው ጤነኛ ሆኖ ለአዲሱ የመጋዘን ፕሮግራም ባዕድ ይሆናል። አንድሮይድ ያለበትን፣ አምራቹም እስከ መቼ እንደሚያድሰው በጽሑፍ የሚገልጽለትን መግዛት ዛሬ ቢያስወጣም ነገን ይቆጥባል።

መረቡም አለ። ኮንቴይነር ብረት ነው፣ ውስጡ የገባ ሰው ዋይፋይ ይጠፋበታል። መሣሪያው ያነበበውን ከሰዓቱ ጋር በራሱ ውስጥ ይዞ፣ መረብ ሲያገኝ እንዲልክ ካልተደረገ፣ ሠራተኛው መልእክቱ እስኪያልፍ በር ላይ ይቆማል፣ ወይም ወደ እስክሪብቶው ይመለሳል። ከመግዛት በፊት ከሻጩ ሁለት ናሙና በውሰት ወስዶ፣ ከራስ መጋዘን የተጨማደደውንና የደበዘዘውን መለያ ይዞ፣ በሐምሌ ቀትር ከካቦውና ከቆጣሪው ጋር ኮንቴይነር ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። እዚያ የትኛው መሣሪያ እንደሚያነብ የሚናገሩት ሁለቱ ሠራተኞች ናቸው።