አገር ቤት ያላወቅነው አስም ለምን እዚህ ያዘን?

በዶራም ሆነ በሌሎች የናታንያ ሰፈሮች ከሚኖሩ እናቶችና አባቶች ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፦ «አገር ቤት ተራራ ስወጣ ስወርድ ደክሞኝ አያውቅም፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሌሊት ደረቴን ያፍነኛል፣ ትንፋሼ ሲር ሲር ይላል»። ይህ አባባል እውነትነት አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የቤተሰብ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ኦሊም ዘንድ አስም ባልተለመደ ሁኔታ በዝቶ መገኘቱን አስታውቀዋል።

አስም ማለት የአየር መተላለፊያ ቧንቧዎች በውስጣቸው ሲቆጡና ሲያብጡ፣ ጡንቻቸው ሲጨመደድ፣ አክታም ሲሞላባቸው የሚመጣ ሕመም ነው። የልጆች በሽታ ብቻ አይደለም፤ በአርባና በሃምሳ ዓመትም ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በመላው ዓለም 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም እንደነበረባቸው ገምቷል።

ታዲያ ምክንያቱ በደማችን ያለ ነው? እናት ወይም አባት አስም ካለባቸው ልጁም የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። ነገር ግን በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን የጅማ ጥናት እንመልከት። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው አስም አለብኝ ያሉት በከተማው ከመቶ 3.6፣ በዙሪያው ገጠር ግን ከመቶ 1.3 ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ አገሩ አንድ ነው፣ የተለየው አኗኗሩ ነው። እዚያው ጅማ የተደረገና በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። ትሉ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እንግዲህ የትል መድኃኒት አንውሰድ እንዳትሉን! ያ ትል ደም መጣጭ ነው።

ናታንያ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ አየሩ እርጥበት አለው። እርጥበት ደግሞ በዓይን የማትታይ የቤት አቧራ ቅንቅን ትወዳለች። ፍራሽ፣ ትራስና ምንጣፍ ውስጥ ተቀምጣ ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ ትበላለች፤ ኩሷ ከአቧራው ጋር ሲተነፈስ አስምን ይቀሰቅሳል። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቀት ማጠብ፣ ግድግዳ ላይ የወጣ ሻጋታንም ማስወገድ ይጠቅማል።

በተለይ ልናሳስብ የምንወደው የሥራን ጉዳይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። የጽዳት ሠራተኞች ከሌላው ሰው ይልቅ ለአስም የተጋለጡ መሆናቸው በብዙ አገር ተረጋግጧል፤ የሚረጩ ማጽጃዎችና ኤኮኖሚካ የምንለው ፈሳሽ ሳንባን ይጎዳሉ። ኤኮኖሚካን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ፈጽሞ አይደረግም። ዱቄት የሚተነፍሱ ዳቦ ጋጋሪዎችም እንዲሁ ይጋለጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ቅዳሜና በበዓል ቀን ሕመሙ ከተሻላችሁ፣ እሑድ ሥራ ስትገቡ ከባሰባችሁ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። ሳይነገረው ሊያውቀው አይችልም።

ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የሻራብ አቧራም ያባብሳሉ። ቡናችንን እንተው አንልም፤ ግን ከሰልና ዕጣን በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ማጨስ ለአስመኛ ከባድ ነው። ከሰሉ ገዳይ ጋዝም ስላለው በተዘጋ ቤት ለማንም አይበጅ።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ «ማሽኤፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ስሕተት ነው። አንዳንዱ ማሽኤፍ ለጊዜው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ሌላው ቁጣውን ከሥሩ የሚያበርድ ነው። ብዙዎች ቶሎ ስለሚያሽላቸው የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛሉ። ከ2019 ጀምሮ ግን ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጎልማሶች በመክፈቻው ብቻ እንዳይታከሙ ያስጠነቅቃል፤ ሕመሙ በድንገት ሊበረታ ይችላልና። ስለዚህ ቁፓት ሖሊም ስትሄዱ የያዛችሁትን ማሽኤፍ አሳዩና «ይህ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዕብራይስጥ የሚያስቸግራችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰው መናገር እስኪያቅተው ከታፈነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ማሽኤፉ አልረዳው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ 101 ይደወላል።