ፖስተሩን ያውቁታል፤ የሣለችውንስ?

ልጅዎን ለማስከተብ ከጤና ጣቢያ ሄደው ተራ ሲጠብቁ ከግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች ሳይመለከቱ አልቀሩም። አንዲት እናት ነጠላዋን እንዳጣፋች ሕፃኗን ስታጠባ፣ ሌላይቱ እጇን በሳሙና ስትታጠብ ትታያለች። ከሥሩ ጥቂት የምክር ቃላት ይከተላሉ፤ ከምክሩ በታች ደግሞ ገንዘቡን የሰጡትና ሥራውን ያካሄዱት ድርጅቶች ዓርማ በተርታ ተደርድሯል። የሣለችው ሴት ስም ግን ከየትም አይገኝም።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህች ስሟ ባልተጻፈ ባለሙያ ላይ ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጥራ የምትሥል፣ የምትጽፍ፣ ፎቶግራፍ የምታነሣ ወይም ፊልም የምታቀናብር ሴት በሙያዋ የምታድገው እንዴት ነው? «ድርጅቱ የተቋቋመው ችግረኛን ለመርዳት እንጂ ሠዓሊ ለማሳደግ ነውን?» የሚል አይጠፋም።

ይህንኑ ለመረዳት ልደታ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ቤት ሄደን ነበር። ስማቸውም ሆነ የሚሠሩበት ድርጅት ስም እንዳይገለጽ ስለጠየቁን እንዲሁ ወይዘሮዋ እያልን እንጠራቸዋለን። ስለ ስም የሚያወራ ጽሑፍ የባለታሪኳን ስም መደበቁ እኛንም ሳያስገርመን አልቀረም፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን ምክንያታቸውን ይረዱላቸዋል።

ወይዘሮዋ ሥራ በጀመሩ ሰሞን እጅ መታጠብን የሚያስተምር ሥዕል እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ሁለት እጆች፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሳሙና ሣሉ። በቢሮው ያለው ሰው ሁሉ «አምሯል» አለ። ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ግን ለእናቶች ይታይ ተባለና ይዘውት ወደ ገጠር ወረዱ። አንዲት አሮጊት ወረቀቱን አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ እኒህን እጆች ማን ቆረጣቸው?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«በዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ» ይላሉ ወይዘሮዋ እየሳቁ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም። የሥዕል መጽሐፍ ያላየ ሰው ከአካል የተለየ እጅ ሲያይ የተቆረጠ እንደሚመስለው ያወቅሁት ከእኒያ እናት ነው።» ከዚያ ወዲህ ሰውን በሙሉ ይሥላሉ። ውኃውን የምታፈሰው ማን እንደሆነች፣ የት እንደቆመች፣ ልጁ የማን እንደሆነ ከሥዕሉ ይታወቃል። ለወሎ ደጋ እናት የሣሉትን ልብስ ለአፋር እናት አያለብሱም። አንድ ሥዕል ሦስትና አራት ጊዜ ፈርሶ እንደገና ይሠራል።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ከማስታወቂያ ቤት በቀላሉ አይገኝም፤ ሥዕሉን የሚዳኘው ገንዘብ የከፈለው ሰው ሳይሆን ሥዕሉ የተሣለላት እናት ናትና። በሬዲዮ ድራማ ላይ የተሰማሩ ደራስያንም ተመሳሳይ ዕድል አግኝተዋል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ታሪክ ያን ያህል ጊዜ አድማጭ ሳያሰለቹ መጻፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው።

ይሁን እንጂ የወይዘሮዋ ታሪክ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፕሮጀክታቸው ዘመን ሊያበቃ ሲል ሌላ ቦታ ሥራ ለማግኘት ተወዳደሩ። ከአልጋቸው ሥር በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጧቸውን ሥዕሎች ይዘው ቀረቡ። ፈታኙ አንድ በአንድ ካገላበጡ በኋላ፣ «ጥሩ ናቸው፤ ግን የእርስዎ ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለ?» አሉ። በእውነትም ማስረጃ አልነበረም። ያለው የድርጅቶቹ ዓርማ ብቻ ነው። ወይዘሮዋ ቦታውን ሳያገኙ ቀሩ፤ ዛሬም በዚያው ድርጅት በየጊዜው በሚታደስ ውል ይሠራሉ። ስማቸውን እንዳንጽፍ የጠየቁንም ውሉ የሚታደስበት ወር በመቃረቡ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቁ ይጠቅማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት የፈጠረው ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። ይሁን እንጂ አመንጪው «ሥራው የእኔ ነው» ብሎ የመታወቅ የሞራል መብቱ ኢኮኖሚያዊው መብት ወደ ሌላ ቢተላለፍም አይቀርም። ስለዚህ ገንዘቡና ሥዕሉ የድርጅቱ ቢሆንም፣ ስምዎ እንዲጠቀስ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ወይዘሮዋ ይህን የሰሙት ከአሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው።

ሥልጠናም ሌላው ችግር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በመመሪያው ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ ይቆጠር ስለነበረ ብዙ ድርጅቶች ተቸግረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ጣራው ወደ 20 በመቶ ቢወርድም፣ የአስተዳደር ወጪ ማለት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ እንደሆነ ተተረጎመ። እንግዲህ የሠዓሊዋ ሥልጠና ከፕሮጀክቱ ዕቅድ ጋር አብሮ እንዲገባ በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መልሱ ምን እንደሆነ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

«ችግረኛን መርዳትና ባለሙያ ማሳደግ አይገናኙም» ለሚሉ ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ የሆነውን እናስታውስ። ጀሚኒ የተባለው ድርጅት በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሕፃናት ሐኪሟ በዶክተር ካርሜላ አባተ የተቋቋመው መንታ ለወለዱ ችግረኛ እናቶች ነበር። ዓላማው ጥበብ አልነበረም፤ ወተትና ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በጎዳና የሚውሉ ልጆችን አሰባስቦ ትርዒት ካሳየ በኋላ፣ «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ። የተመረጡት ልጆች ለዓመታት ሠለጠኑ፤ በኋላም ራሳቸው መምህራን ሆነው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጭምር አስተማሩ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጦ በታዋቂው ጃፓናዊ የዳንስ ባለሙያ በሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር በቃ። እርሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ በ2009 ለንደን በሚገኘው ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ሠርተዋል።

ልብ ይበሉ፤ የእነዚህ ወጣቶች ስም ከድርጅቱ ዓርማ ሥር አልተዋጠም። ስማቸውን ይዘው ስለወጡ ነው ዛሬ እኛም ልንጠራቸው የቻልነው። ለዳንስ ይህ ይቀላል፤ ተጫዋቹ መድረክ ላይ ቆሞ ይታያልና። ሠዓሊዋ ግን ፖስተሩ ሲለጠፍ ቤቷ እራት እየሠራች ነው።

ወይዘሮዋም የሚሥሉት አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ዕቃ ማጠቡን ከተረከቡ ወዲህ ግን ሁለት ሰዓት ያህል እንደተረፈላቸው ነግረውናል። በዚያ ሰዓት የቢሮውን ሥራ አይነኩም፤ ለራሳቸው የልደታን ገበያተኞች ይሥላሉ። በእነዚህኞቹ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ይጽፋሉ።

በቅርቡ ለኃላፊያቸው አንድ ማመልከቻ አስገብተዋል። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ የሠሯቸው ሥዕሎች ዝርዝር በድርጅቱ ማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጣቸውና በአዲሱ የክትባት ፖስተር ጠርዝ ላይ ስማቸው በትንሹ እንዲገባ። ዝርዝሩ ተሰጥቷቸዋል። ስለ ስሙ «ለጋሾቹን እንጠይቅ» ተብሏል። እኛ ልንጠይቃቸው በሄድንበት ቀን ፖስተሩ ገና ማተሚያ ቤት ነበር።