ሶፍትዌር ሲታደስ ማዋቀሪያው ምን ይሆናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ጤና ተቋማት፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ወርኃዊ ሪፖርታቸው የሚጠናቀረው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሥርዓት ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ ያዋለው ይህ ሶፍትዌር መነሻው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በየአገሩ አንድ ነው። የቡሬ ባለሙያ ጥቅምትና ጳጉሜን የሚያየው ሥርዓቱ ለኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስለ ተዋቀረ ነው።

ማዋቀሪያ ፋይል ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያነበው የአካባቢው ትእዛዝ ነው። የመረጃ ቋቱ የት እንዳለና በምን የይለፍ ቃል እንደሚከፈት የሚነግረው እርሱ ነው። አዲስ እትም ሲመጣ እንግዲህ ጥያቄ ይነሣል፤ ሠሪዎቹ የላኩት ይጫን ወይስ እኛ የጻፍነው ይቆይ?

ዲኤችአይኤስ 2 ዋናውን ማዋቀሪያ ከፕሮግራሙ ውጭ በሌላ ማውጫ ያኖረዋል፤ ፕሮግራሙ ሲተካ ፋይሉ አይነካም። የዘመን አቆጣጠሩ ምርጫ ግን የሚቀመጠው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእድሳት በፊት ሁለቱም መቀዳት አለባቸው። በተለይ በፋይሉ ውስጥ የምስጠራ ቁልፍ ይጻፋል፤ ቁልፉ ከጠፋ፣ የመረጃ ቋቱ ቅጂ በእጅ ቢኖርም እንኳ፣ በእርሱ የተመሰጠረው መረጃ አይነበብም።

ከሥር የሚሠራው ሊኑክስ የራሱ ማዋቀሪያዎች አሉት። ደቢያንና ኡቡንቱ ጥያቄውን የሚፈቱበት ዘዴ፣ በእኔ አስተያየት፣ ብልህነት አለው። ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራሉ፦ መጀመሪያ የተላከውን ፋይል፣ አሁን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን፣ አዲስ የመጣውን። እኛ ካልነካነው አዲሱ ይተካል፤ የለወጥነው እኛ ብቻ ከሆንን የኛው ይቆያል፤ ሁለቱም ወገን ከለወጡ ግን ኮምፒዩተሩ ቆሞ ይጠይቃል። ያለ ሦስተኛው፣ ማለትም ያለ መጀመሪያው ፋይል፣ ለውጡ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም።

ለምሳሌ ጥያቄውን ከሰርቨሩ ፊት ሆኖ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ ነው እንበል። ይህ ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ መልእክት አይቀበልም። መስመር ተቋርጦበት የቆየ ጤና ጣቢያ የተጠራቀመ መረጃውን በፋይል ሊልክ ስለሚችል፣ ባለሙያው ገደቡን ወደ 50 ከፍ አድርጎታል። በእድሳት ጊዜ ሳያነብ «አዲሱ ይጫን» ቢል ገደቡ ወደ 1 ይመለሳል። ሰርቨሩ ይሠራል፤ ትንንሾቹ ሪፖርቶች ይገባሉ፤ ትልቁ ብቻ በስሕተት ቁጥር 413 ይመለሳል። ምክንያቱን ከቡሬ ሆኖ ማወቅ ያስቸግራል።

«የኔው ይቆይ» ማለትም ሁልጊዜ ደኅና አይደለም፤ አዲሱ ፋይል የጸጥታ ጉድለት የሚዘጋ መስመር ይዞ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ የተጣለው አይጠፋም፤ የኛው ከተተካ «ዲፒኬጂ-ኦልድ»፣ አዲሱ ከተተወ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ቅጥያ ተሰጥቶት ከጎኑ ይቀመጣል። ሁለቱን በ«ዲፍ» ትእዛዝ መስመር በመስመር አነጻጽሮ የሚፈለገውን ማዋሐድ፣ ከዚያም ኤንጂንኤክስን ዳግም ከማስነሣት በፊት «ኤንጂንኤክስ -ቲ» ብሎ ፋይሉን ማስፈተሽ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።